ለደረቀ ዓይን፦ ከሰበታ ሐዲድ እስከ ሱሉልታ አደይ

የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በስሙ የአዲስ አበባ ቢሆንም ሐዲዱ የሚጀምረው ከሰበታ ነው። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን ይህን መስመር የቻይና ኩባንያዎች ሠርተውት መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ሰበታን አገሩ ሁሉ ከዚያ በፊትም የሚያውቃት ዓይነ ስውራንን ባስተማረው ትምህርት ቤቷ ነው። ዓይኔን እያመመኝ ለተነሣሁ ለእኔ ከሰበታ የተሻለ መነሻ አልነበረም።

ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ የሚውል ሰው የዓይን ድርቀትን ያውቀዋል። ማታ ማታ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል፣ ይቀላል፣ ከነፋስ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ያነባል። ደረቅ ዓይን ማንባቱ ሲገርመኝ የኖረ ነገር ነው። ምክንያቱን የነገሩኝ ሐኪም ናቸው። እንባ ውኃ ብቻ አይደለም፤ ከላዩ ስስ ቅባት አለው። ቅባቱን የሚያመነጩት በዓይን ቆብ ጠርዝ ላይ የተደረደሩ ደቃቅ ዕጢዎች ሲደፈኑ ውኃው ቶሎ ይተናል፣ ዓይኑ ይቆጣል፣ ሲቆጣ ያነባል። ስክሪን ላይ ስናፈጥ ደግሞ ዓይናችንን የምናርገበግበው ከወትሮው በጣም ባነሰ ቁጥር ነው።

ሰበታ ሻይ ቤት ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ቻይናዊ ሠራተኛ የመስታወት ኮዳውን ሲከፍት ዓይኔ እዚያው ቀረ። በሙቅ ውኃው ውስጥ ነጫጭ አበቦችና ቀያይ ፍሬዎች ይንሳፈፋሉ። አብሮት የሚሠራው ወጣት አስተረጎመልኝ፦ አበባው ጁኋ፣ ፍሬው ጎውቺ ይባላል፤ የሚጠጣውም ለዓይን ነው። ሲያቀምሰኝ ጣዕሙ ለስላሳ፣ መዓዛው የሜዳ ነበር። ወደድኩት።

ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። በቻይና ሕክምና ዓይን የጉበት መስኮት ነው። የጉበትና የኩላሊት እርጥበት ሲያንስ ዓይን ይደርቃል፣ እይታም ይደበዝዛል ይላሉ። በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የኖረው የሕፃናት ሐኪም ቺየን ዪ በስድስት ዕፅ ባዋቀረው ቅመማ ላይ ጁኋና ጎውቺን ጨምረው ለደረቀ ዓይን የሚሰጡትን እንክብል ይሠራሉ። ይህ እስከ ዛሬ በቻይና ፋርማሲዎች ይሸጣል።

ጉበትና ዓይን ሲባል ግን እኔ የሰማሁት የራሳችንን ዳፍንት ነው። ሲመሽ ማየት የተሳነውን ሰው ጉበት ይብላ ማለት በእኛ አገር የቆየ ምክር ነው። በቻይናም በሰባተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሱን ሲሚያው ይህንኑ አዝዟል። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፤ ጉበት ቫይታሚን ኤ የሞላበት ነው። ይህ ቫይታሚን ሲያንስ መጀመሪያ ዳፍንት ይመጣል፣ ቀጥሎ የዓይኑ ገጽ ይደርቃል፣ ሲብስም ብሌኑ ይቆስላል። ዛሬ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በዓመት ሁለት ጊዜ የሚሰጠው የዚሁ ቫይታሚን ጠብታ ለዚህ ነው። ሳይንሱን ሳያውቁ ተራርቀው የኖሩ ሁለት ሕዝቦች አንድ መድኃኒት ላይ መድረሳቸው እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

በዚህ ደስታ ውስጥ ሆኜ ቡራዩ ገባሁ። ገበያው ዳር እስር እስር ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ጦስኝና አሪቲ ደርድረው የተቀመጡ እናት ገና ሲያዩኝ፣ «ዓይንህ ቀልቷል ልጄ፣ ምች ነው» አሉኝ። ዳማከሴውን በመዳፋቸው አሽተው አፍንጫዬ ላይ ያዙልኝ፤ ሽታው እስከ ግንባሬ ወጣ። ማታ ደግሞ የሐረግ ሬሳ ቅጠል አፍልቼ፣ ጋቢ ተከናንቤ እንድታጠን አዘዙኝ።

«እማማ፣ ጭማቂው ዓይን ውስጥ ይጨመራል?»

«ኧረ! ከውጭ ነው እንጂ ወደ ውስጥማ አይነካም።»

እጃቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ። ሌላ ቦታ ጭማቂውን ዓይን ውስጥ የሚያንጠባጥቡ አሉ። ያልተጣራ የቅጠል ጭማቂ ብሌንን አቁስሎ እስከ ማሳወር ስለሚደርስ ይህ ፈጽሞ አይደረግም። ቅላቱ የማይለቅ፣ ሕመም ወይም የእይታ መደብዘዝ ያለበት ሰውም እንደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ያለ የዓይን ክፍል መሄድ አለበት፤ ጠባሳው ዓይንን የሚያደርቀው ትራኮማ ገና ከአገራችን አልጠፋምና።

የእማማ ትእዛዝ ሌላው ግማሽ ግን ከሐኪሙ ምክር ጋር ገጠመ። ለተደፈኑት የቆብ ዕጢዎች ሐኪሞች የሚያዙት ለብ ያለ እርጥብ ጨርቅ ነው፤ 40 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ለጥቂት ደቂቃ ሲያገኝ የረጋው ቅባት ቀልጦ ይወጣል። ቻይናዎች የጁኋን እንፋሎት ለዓይን ያጥናሉ። እኛ ሐረግ ሬሳ እናፈላለን። ፊቴን ከድስቱ አርቄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ስታጠን ቆቤ ሲላላ ይሰማኛል፤ በማግስቱም መቆርቆሩ ይቀንስልኛል።

ከቡራዩ ወደ ሱሉልታ በሚያቀናው ተራራ ላይ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት ነው። ማዕከሉን ለማቋቋም ከደከሙት አንዱ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው፣ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት በስምንት ቅጽ ከመዘገቡት ሊቃውንት መካከል ናቸው። ሥራው የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። በዚያ መዝገብ እማማ የሚሸጡት ቅጠል ምን እንደሆነ ለዓለም መናገር እንችላለን።

ሱሉልታ ስገባ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ጠበቀኝ። አደይ ከቻይናው ጁኋ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ሰበታ ላይ የሜዳ ነው ያልኩት መዓዛ የዘመድ መዓዛ ነበር ማለት ነው።

አሪቲም ዘመድ አለው። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ፣ ሐኪሙ ጌ ሆንግ በአራተኛው ክፍለ ዘመን ለትኩሳት የጻፈውን የአንድ ቅጠል አሠራር አንብባ፣ ቅጠሉን ሳታፈላ ንጥረ ነገሩን አወጣች። አርቴሚሲኒን የተባለው የወባ መድኃኒት ተገኘ፤ እርሷም በ2015 (እ.ኤ.አ.) ኖቤል ተሸለመች። ያ ቅጠል የአሪቲ ወገን ነው። ጁኋና ጎውቺ ለደረቀ ዓይን ይህን ያህል ጠንካራ ማስረጃ የላቸውም፤ ሐረግ ሬሳም የለውም። ግን መፈተን ይችላል፣ ያውም በቀላል ወጪ። ደረቅ ዓይን ያላቸው ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ በሐረግ ሬሳ፣ ግማሾቹ በተራ ውኃ እንፋሎት ይታጠኑ፤ ከዚያ እንባቸው ሳይበጣጠስ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ይለካ። ከ10 ሰከንድ በታች ሲሆን ሐኪሞች ደረቅ ይሉታል። ቅጠሉ ቡራዩ ገበያ አለ፣ ድስቱም በየቤቱ አለ፤ ሰከንዱን የሚቆጥር ተመራማሪ ሲመጣ እማማን ሄዶ እንዲጠይቃቸው እወዳለሁ።