የቆርቆሮዋ ሰይቼንቶ

በሰፈራችን ልጆች ከሽቦና ከቆርቆሮ መኪና ሲሠሩ ያላየ የለም። የሚሠሩት ግን ሁልጊዜ ሎሪ ነው፤ ካልሆነም ራክሻ። ምን ያድርጉ፣ የሚያዩት ያንኑ ነው፤ ማሽላና ሰሊጥ ጭኖ በገዳሪፍ መንገድ አቧራ የሚያስነሣውን። እኛ አምስት ሆነን በዚህ በጋ ሌላ ነገር አማረን፤ የድሮዋን የአዲስ አበባ ታክሲ፣ ሰይቼንቶን፣ መጠኗን ጠብቀን አሳንሰን ልንሠራ ተነሣን።

ነገሩን የጫሩት ጋሼ ናቸው። በወጣትነታቸው ሰማያዊና ነጭ ሰይቼንቶ ከፒያሳ መርካቶ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጆቹ «ሰይቼንቶ ምንድን ናት?» ብለው ቢይዟቸው በጣታቸው አፈር ላይ ሣሉላቸው፤ የወጣው ግን ኤሊ ሆነ። ተሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ሰይቼንቶ በጣሊያንኛ ስድስት መቶ ማለት ነው፤ ፊያት 600። ዳንቴ ጃኮዛ የተባለ መሐንዲስ ነድፏት በ1955 እ.ኤ.አ. ለገበያ ወጣች፤ ቱሪን ላይ እስከ 1969 ተሠራች። ርዝመቷ 3 ሜትር ከ21 ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ ወርዷ 1 ሜትር ከ38፣ ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ድፍን 2 ሜትር። ይህን ከአንድ ወጣት ስልክ ገልብጠን ሁሉንም ለ10 አካፈልነው፤ 32፣ 14፣ 20 ሳንቲ ሜትር። መምህራን ኮሌጅ ሳለን ከአካባቢ ቁሳቁስ መርጃ መሣሪያ መሥራትን ስንማር ለፈተና ያህል ብቻ ነበር የያዝነው። እዚህ ግን መጽሐፍ ስለሌለ ንጽጽርን የምናስተምርበት ነገር ቸግሮን ከርሟልና ሥራው ለክፍላችንም ሆነ።

ጎማው ቀናን። የሰይቼንቶ ቸርኬ 12 ኢንች ነው፤ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ተኩል። ለ10 ሲካፈል የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ያህል ይሆናል! ቆርኪውን ከአሮጌ ሸበጥ በቆረጥነው ላስቲክ ከበብነው።

ጣራው ግን አስለቀሰን። የዘይት ቆርቆሮ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያጥፉት ይታዘዛል፤ የዚያች መኪና ጣራ ደግሞ ወደ ፊትም ወደ ጎንም ይጎብጣል። ስናጎብጠው ይጨማደዳል፣ ስናቃናው ይቀደዳል። ሦስት ጣራ አበላሸን። ከሦስቱ አንዱ ጎረቤታችን ውኃ የምትቀዳበት ቆርቆሮ ነበረና «መቅጃዬን ታክሲ አደረጋችሁት፤ እንግዲህ ውኃውን እናንተ አመላልሱልኝ!» አለች። አመላለስን። አራተኛውን ሙቀጫ ውስጥ አስተኝተን በዘነዘና ጫፍ ከዳር ወደ መሐል ቀስ እያልን መታነው። ሁለት ቀን ፈጀ፤ ወጣ።

ጋሼ በየማታው እየመጡ ይመረምራሉ። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ መጠባበቂያ ጎማዋ ከፊት ነው፤ «ክዳኑ ቢዘጋስ፣ ማን ያያል?» ብንላቸው «እኔ አውቃለሁ» አሉን። በሩንም አስፈቱን። የእሳቸው ሰይቼንቶ ከ1964 እ.ኤ.አ. በፊት እንደተሠሩት ሁሉ በሯ ማጠፊያው ከኋላ ነበር፤ ተሳፋሪው ከፊት በኩል ከፍቶ ነው የሚገባው። ሰማያዊውን ቀለም ከገዳሪፍ ገበያ አስመጣን፤ ነጩ የትምህርት ቤቱ ስም ሲጻፍ የተረፈ ጭላጭ ነው። ሊደርቅ ሲል ነፋስ ተነሥቶ የበጋውን አቧራ አለበሰው። በሸክላ ስባሪ ፍቀን ደግመን ቀባን።

ሰሌዳው ብቻ ቀረ። እንዲህ ያለ ነገር ከሰሌዳ ይመጣል ብለን አላሰብንም።

ከአምስታችን ግማሹ በ2013ቱ ጦርነት፣ ግማሹ ከ2015 ወዲህ የተሰደድን ነን። አንዱ በሌሊት በከሰል «አማ» ብሎ ጻፈ። ጠዋት ተፍቆ «ትግ» ተብሎበት ተገኘ። ማንም ሠራሁ አላለም፣ ሁላችንም ግን አወቅን። ሦስት ወር ከአንድ ሙቀጫ ላይ ሳንለያይ የሠራን ሰዎች ዘጠኝ ቀን ሰላምታ ተነፋፈግን። የዚያች ቆርቆሮ ነገር በየድንኳኑ ገባ፤ ውኃ ወረፋ ላይ እንኳ ሰልፉ ሁለት ሆነ። አሁን ስንጽፈው እናፍራለን፤ ያን ጊዜ ግን እውነት መስሎን ነበር።

በዐሥረኛው ቀን ጋሼ መጥተው መኪናዋን ጠየቁ። ምክር ይሰጡናል ብለን ጎንበስ አልን። እሳቸው ግን ሰሌዳዋን በጥፍራቸው ፍቀው «ይቺ ስትሠራ ክልል የሚባል ነገር አልነበረም። የእኔን ቁጥር ጻፉበት» አሉ። ብሩሹን የሚይዝ እጅ ጠፋ። በመጨረሻ ከሁለቱ አንዱ፣ የትኛው እንደሆነ እዚህ አንጽፍም፣ ተነሥቶ ያዘ፤ ሌላውም የቀለሙን ጣሳ ያዘለት። ጋሼ ቁጥሩን አንድ በአንድ ነገሩን። የመጨረሻዋ ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። «ነገ ትመጣልኛለች» አሉና ሄዱ።

መኪናዋ አሁን ከክፍላችን መደርደሪያ ላይ ናት። ልጆቹ በማስመሪያ እየለኩ ለ10 ያባዟታል። በሰሌዳዋ ጫፍ የአንዲት ቁጥር ቦታ ባዶ ነው። ሰማያዊው ቀለም እንዳይደርቅ በክዳን አጥብቀን አስቀምጠነዋል፤ ጋሼም ማታ ማታ ሲያልፉ በበሩ ብቅ ብለው «ሰባት ትሆን?» ይላሉ፤ ከዚያ ራሳቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ።