ስለ ልጅ ዐይን ከነፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር የተደረገ ጉዞ

አንባቢ ሆይ፤ ከነፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ በጉና ተራራ ሥር የሚያልፍ ነው። ጉና ከ4,100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው፥ ርብና ጉማራም ከእርሱ ተነሥተው ወደ ጣና የሚወርዱ ናቸው። እኔም በፍርድ ቤት ጸሐፊነቴ ስመላለስ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ነገር ግን ይህን የምጽፈው ስለ ተራራው ሳይሆን፥ ተራራውን ቀና ብላ ለማየት ስላልቻለች የስድስት ዓመት ልጄ ነው።

የልጅቱ ዐይን ቀልቶ እያነባ ከረመ። እኛም የፀሐይ ምች ነው እያልን ቸል አልን። በኋላ ግን ብርሃን ሸሽታ ፊቷን መሸፈን ስላበዛች፥ በማለዳ አውቶቡስ ተሳፍረን ሄድን። ክምር ድንጋይ ስንቃረብ ጉና ወለል ብሎ ታየ፤ «እዪ፥ ጉና!» ብላት፥ «አባባ፥ ፀሐዩ ያቃጥለኛል» ብላ በጉያዬ ተሸሸገች።

ሐኪሙ የላይኛውን የዐይን ቆብ ገልብጦ በውስጡ ያሉትን ነጫጭ ቅንጣቶች አሳየንና «ትራኮማ ነው» አለን። ባለቤቴ ደነገጠች፤ በዚህ ደዌ የታወሩትን ታውቃለችና። እርሱ ግን ደዌው ክላሚዲያ ከሚባል ተሕዋስ እንደሚመጣ፥ በእጅ፥ በጨርቅና በዝንብ ከልጅ ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ አስረዳን። በጊዜው ቢታከም ይድናል፤ ለብዙ ዓመት ቢደጋገም ግን ቆቡ በጠባሳ ተሸብሽቦ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱም ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል። ቀጥሎም «የልጆቹን ፊት በምን ትጠርጋላችሁ?» ብሎ ጠየቀን። እኔና ባለቤቴ ተያየን።

በቤታችን የአምስቱንም ልጆች ፊት የምትጠርገው እናቴ ናት፤ የምትጠርገውም በአንዲት ነጠላዋ ጫፍ ነው። እርሷም ራሷ የሚወጋትን ሽፋሽፍት ስትነቅል ስለ ኖረች ከወረንጦዋ ተለይታ አታውቅም።

በመመለሻው መንገድ ያስጨነቀኝ፥ ይህን ለእናቴ እንዴት እነግራታለሁ የሚለው ሐሳብ ነበር። ብዙ ፍርድ ጽፌአለሁ፤ እንዲህ ለመናገር የከበደኝ ግን የለም። በነገርኋት ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «እኔ ነኛ ያጠፋኋት፥ ልጄ?» አለችኝ። «የለም እማዬ፤ አንቺንም በልጅነትሽ የያዘሽ ይኸው ነው፤ ያን ጊዜ የነገረሽ ሰው አልነበረም» አልኋት። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ማሰሮ ይዛ ወጥታ የልጆቹን ፊት በየተራ ስታጥብ አገኘኋት፤ ለእያንዳንዱም የየራሱን ጨርቅ ቀድዳ ሰጥታው ነበር።

የታዘዘልንን አዚትሮማይሲን ቤተ ሰቡ ሁሉ ዋጠ። የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረውም አራት ነገር ነው፤ ይኸውም የታጠፈውን ቆብ በቀዶ ጥገና ማቅናት፥ መድኃኒት መውሰድ፥ ፊትን መታጠብ፥ ዝንብ እንዳይራባ መጸዳጃ ቤት ሠርቶ አካባቢን ማጽዳት ነው። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ የልጅ ዐይን ሲቀላ ምች ነው ብላችሁ እንደ እኛ አትዘግዩ።

በሁለተኛው ጉዞ እናቴን ለቀዶ ጥገና ይዘናት ሄድን። ቀዶ ጥገናው የቀረውን ብርሃን ይጠብቃል እንጂ የጠፋውን እንደማይመልስ ተነግሯታል። ክምር ድንጋይ አጠገብ ልጄ በመስኮቱ አሻግራ እያየች «እማማ፥ ጉና ያውልሽ! ጫፉ ላይ ጉም አለ» አለቻት። እናቴም «አንቺ እያየሽ ንገሪኝ፥ ልጄ» አለች።