ዝናቡ እስኪያባራ

ክረምት ሲገባ ብዙ ጉዳይ «ዝናቡ ሲያባራ» እየተባለ ይቀጠራል። አንዳንዱን መቅጠር ተገቢ ነው፤ አንዳንዱ ግን በቀጠሮ ያልፋል።

ጓሮ አትክልት ያለው ሰው ልዩነቱን ያውቃል። ድንች የሚቆፈረው መሬቱ ጠፈፍ ሲል ነው፤ እርጥቡን ቢከመር ይበሰብሳል። ቅጠሉ የረጠበ ፎሶሊያም ባይነካ ይሻላል፤ በእጅና በልብስ በሽታ ከተክል ወደ ተክል ይዛመታልና። የደረሰ ጥቅል ጎመን ግን ዝናብ ሲበዛበት ይሰነጠቃል። የጽጌረዳ እምቡጥም በጊዜው ካልተቆረጠ ይፈካና ዝናቡ ያበላሸዋል፤ ለገበያ አይሆንም። ስለዚህ ገበሬው ላስቲኩን ደርቦ ዝናብ ውስጥ ይገባል። መክብብ 11፥4ም ዓይኑን ከሰማይ ላይ የማይነቅል ሰው አዝመራው እንደሚያመልጠው ያስጠነቅቃል።

ባለፈው ነሐሴ ሆለታ አካባቢ አንዲት እናት ልጠይቅ ሄጄ፣ በዝናብ ጎንበስ ብለው ጎመን ሲቆርጡ አገኘኋቸው። እኔም ጆንያ ደርቤ የተቆረጠውን ጎመንና አበባ ወደ ዳሱ አስገባ ጀመር። እየሠራን ሳለ፣ በአባታቸው መሬት ምክንያት ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ከተኳረፉ ስድስት ዓመት እንደሆናቸው፣ አሁን ደግሞ በጠና መታመሙን እንደሰሙ አጫወቱኝ።

«ነገሩ ይብረድ ብዬ ነው እንጂ ልቤስ እሱው ጋ ነው» አሉ።

«እትዬ፣ ታዲያ ጎመኑን ለምን በዚህ ዝናብ ይቆርጡታል?» አልኳቸው።

«ደርሷላ ፓስተር! ካደረ ይሰነጠቅብኛል።» ይህን ብለው ዝም አሉ። ብዙ ሰዓት አልተነጋገርንም።

በማግስቱ ወንድማቸውን ሊጠይቁ ሄዱ። የመጀመሪያ ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረባቸው። በሦስተኛው ቀን ግን ያመጡለትን አጥሚት ከእጃቸው ተቀብሎ ጠጣ። የመሬቱ ጉዳይ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ወንድማቸው በጥቅምት ሲያርፍ ግን እኅቱ አጠገቡ ነበሩ።

ወገኖቼ፣ መጠበቅ ሁሉ ስንፍና አይደለም። በቁጣ ሰዓት ሊነገር የተዘጋጀ ቃል፣ ያልተጸለየበት ውሳኔ እንደ ድንቹ ነው፤ ይቆይ። ነገር ግን «ጊዜው ሲመች» ያልነውን ነገር ሁሉ በጌታ ፊት እንመርምረው፤ የምጠብቀው ነገሩ ስላልደረሰ ነው ወይስ መርጠብ ስለፈራሁ? ይቅርታ መጠየቅ፣ የታመመን መጎብኘት፣ ለልጅ ስለ ክርስቶስ መናገር ብዙ ጊዜ የሚመች ቀን የላቸውም።

ወደ ጌታ ለመምጣት «ሕይወቴን ካስተካከልኩ በኋላ» የምትሉም አላችሁ። እርሱ እስክንስተካከል አልጠበቀንም (ሮሜ 5፥8)። እንዳላችሁ ኑ።

ዛሬ የደረሰባችሁ ነገር ምንድን ነው? ለዚያ የሚሆን ጸጋ ጌታ ያብዛላችሁ። አሜን።