በሬ የረገጠው ቃል

ስላቮች ከመበታተናቸው በፊት ይናገሩት ከነበረው ቋንቋ አንዲት መስመር እንኳ ተጽፋ አልደረሰችንም። ሊቃውንቱ ሩሲያኛውን ከቼክኛው፣ ቼክኛውን ከሰርብኛው እያመሳከሩ ቃል በቃል መልሰው ያቆሙታል፤ እንዲህ የቆመውም ቃል ፊቱ ላይ ኮከብ ይደረግለታል። ከእነዚህ ባለኮከቦች መካከል እኔ አብልጬ የምወደው «ጉምኖ»ን ነው፤ አውድማ ማለት ነው።

ማክስ ፋስመር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ባሳተመው የሩሲያኛ ሥርወ ቃል መዝገብ ላይ እንደሚተነተነው፣ ቃሉ ከሁለት ሥሮች የተጋመደ ነው። «ጉ» ከብት ነው፤ «ምን» መርገጥ፣ መጨፍለቅ። ከብት የሚረግጥበት ቦታ! የከብቱ ሥር ተነባቢ ሲከተለው «ጉ»፣ አናባቢ ሲከተለው «ጎቭ» ይሆናል። ስለዚህ ሩሲያዊ ሥጋ ቤት ገብቶ «ጎቭያዲና» ብሎ የበሬ ሥጋ ሲጠይቅ፣ አያቶቹ አውድማ ላይ ያዞሩትን ያንኑ ከብት እየጠራ ነው። ወረቀት ጨምድዶ «ምኑ» ሲል ደግሞ ኮቴውን።

ሰዋስዉም ደስ ይላል። ቃሉ ወንድም ሴትም ያልሆነ ጾታ አለው፤ ሲበዛ «ጉምና» ይሆናል። ጥንት በ«ም» እና በ«ኖ» መካከል በጣም አጭር አናባቢ ነበረች፤ እንደኛ ሳድስ አንዴ ድምፅ የምትሰጥ፣ አንዴ የምትዋጥ። ከጊዜ በኋላ ተውጣ ቀረች። ሩሲያኛ ግን «የአውድማዎች» ለማለት «ጉሜን» ሲል ያቺው አናባቢ ጎልታ ትመለሳለች። ቼኮች «ግ»ን «ህ» አድርገው «ሁምኖ» አሉ፤ ሰርቦች ደግሞ «ጉቭኖ»።

እርጥበትና ብርድ በበዛበት የሩሲያ ሰሜን ነዶው «ኦቪን» በሚሉት ቤት በእሳት ደርቆ በዱላ ይወቃ ስለነበር፣ በሬው ከሥራው ወጥቶ በስሙ ውስጥ ብቻ ቀረ። የእኛ አውድማ ስሙን የወሰደው ከግእዙ «ዐውድ» ነው፤ ክብነቱን አየን እንጂ እግሩን አልጠራንም። እግሩ ግን ዛሬም እኛ ዘንድ አለ። የጎጃም ገበሬ በሬዎቹን እያዞረ ጤፉን ሲያበራይ፣ የዚያ የስላቮች ቃል ትርጉም ከሞስኮ ይልቅ እዚህ በሕይወት ይታያል።

የመውቂያ ማሽን ወደ አውድማችን መግባት ጀምሯል፤ ለገበሬው ድካም መቅለሉ እሰየው ነው። አባታችሁ ወይም አጎታችሁ ገበሬ የሆነ አንባቢዎች ግን መንሹን፣ ላይዳውን፣ በሬዎቹ የሚነዱበትን ቃል ሁሉ ጠይቃችሁ በአገሩ አነጋገር ጻፉት።