ኮደር መባልና ኮምፒውተር ሳይንስ መማር

በ2000 ዓ.ም. ገደማ መንግሥት ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 ከመቶውን ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 ከመቶውን ለማኅበራዊ ሳይንስ መደበ። ከሠላሳው ወገን የወጡ ምሩቃን ዛሬ ማታ ማታ መገናኛ እየመጡ እኔ ዘንድ ፕሮግራሚንግ ይማራሉ።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ መሠረታዊ ትምህርት በነፃ ይሰጣል፤ ጅምሩን አልነቅፍም። ዳሩ ግን የምስክር ወረቀት ማደልና ሰውን ከሙያ ወደ ሙያ ማሻገር ለየቅል ናቸው። የታሪክ ምሩቅ ምንጭን ከምንጭ ማመሳከር ያውቃል (የፕሮግራም ስሕተት ማደንም ከዚህ ብዙ አይርቅም)። የሚጎድለው ዲስክሪት ሒሳብና ዳታ ስትራክቸር ነው፤ ይህ ደግሞ የታክሲ ሰልፍ ላይ ስልክ በመነካካት አይገኝም።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን የአንድ ዓመት መሸጋገሪያ ትምህርት ቢከፍቱ፣ አጥብቀው ቢፈትኑ፣ ያለፈውንም «የመጀመሪያ ዲግሪህ የታሪክ ነው» ሳይሉ ለማስተርስ ቢቀበሉት የሚከስረው ማን ነው? ያን ጊዜ የመደበው ሚኒስቴሩ ነበር፤ እርሱማ ምርጫውን ሞልቶ ነው የጠበቀው።