መብራት በሄደ ቁጥር የምትረሳው ማሽን

ጥር 2012 ላይ አርጆ ውስጥ ኢንተርኔት አልነበረም። "ኔቱ ደካማ ነው" ማለቴ አይደለም፤ ጭራሽ አልነበረም። ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ በወለጋ ዞኖች ተዘግቶ ነበር። ከእኛ በስተ ምዕራብ ባሉት ዞኖች ስልክም ጭምር ስለተቋረጠ፣ እኛ አንዳንዴም ቢሆን መደወል በመቻላችን ራሳችንን እንደ ዕድለኛ እንቆጥር ነበር።

የእህቴን ኮምፒውተር ያበላሸሁት በዚያው ሰሞን ነው።

እትዬ መንገድ ዳር አንዲት ክፍል የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ማመልከቻ፣ ውል፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የልቅሶ ቤት ምስጋና፣ ሁሉም እዚያች ክፍል ውስጥ ይጻፋል። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በእሷ ገንዘብ ነው። የእሷ ገንዘብ ማለት ደግሞ በገጽ የሚቆጠር ሳንቲም ነው። በዚያ ዓመት ግቢው ውስጥ ግርግር ስለነበር ወደ ቤት ተመልሻለሁ። የኮምፒውተር ሳይንስ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ስለሆንኩ ሰፈሩ ሁሉ "ኢንጂነሩ" ይለኛል። ሬዲዮ ሲበላሽ እኔ፣ ዲሽ ሲዞር እኔ።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ ጥር 5 ቀን እንደሚያቆም ኔት ከመዘጋቱ በፊት አንብቤ ነበር። ታዲያ ልክ በዕለቱ ከዶርም ይዤው በመጣሁት ፍላሽ የእትዬን ኮምፒውተር ዊንዶውስ 10 ጫንኩበት። ማን ጠየቀህ በሉኝ። ማንም አልጠየቀኝም። አዲሱ ስክሪን ሲበራ ግን ኮራሁ። በማግስቱ መብራት ስላልነበረ ቤቱ ተዘግቶ ዋለ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ መጡ። ከወንድማቸው ልጅ ጋር በእርሻ ድንበር ይካሰሳሉ፤ ወረዳው ላይ ተፈርዶባቸዋል። ራፖር ጸሐፊው በእጁ ያዘጋጀላቸውን የአፋን ኦሮሞ ይግባኝ እትዬ ስትተይበው አራት ገጽ ሆነ። በሦስት ቅጂ መውጣት አለበት። ነቀምቴ ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ቀኑም ነገ ያልቃል። እትዬ "ፕሪንት" የሚለውን ነካች። ምንም የለም። ደግማ ነካች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

ፕሪንተሯ ሌዘርጄት 1020 ናት። አዲስ አበባም ሆነ ክፍለ ሀገር ጽሕፈት ቤት የገባ ሰው ያውቃታል፤ ትንሽ፣ ነጣ ያለች፣ ከላይ ሁለት መብራት ብቻ ያላት። የምትጫነው ቁልፍ እንኳ የላትም። ሌዘር ፕሪንተር ሲባል ሌዘሩ በቀጥታ ወረቀት ላይ የሚጽፍ ይመስለን ይሆናል። አይደለም። ሌዘሩ ድራም የሚባለውን ጥቅል ፊደሉ ባለበት ቦታ ላይ በብርሃን ይነካዋል፤ የተነካው ቦታ የቀለሙን ዱቄት ይስባል፤ ዱቄቱ ወረቀቱ ላይ ያርፋል፤ በመጨረሻ ፊውዘር የሚባለው ክፍል በ200 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት አቅልጦ ያጣብቀዋል። ወረቀቱ እንደ ትኩስ ቂጣ ሞቆ የሚወጣው ለዚህ ነው።

የ1020 ልዩ ጠባይ ግን ሌላ ነው። ይህች ማሽን የምትሠራበትን ፕሮግራም በራሷ ውስጥ አታኖርም። በበራች ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ድራይቨር እንደ አዲስ ይልክላታል። መብራት ሲሄድ ሁሉንም ትረሳለች። መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩ እንደገና ያስተምራታል። እኔ ደግሞ አስተማሪዋን አጥፍቼዋለሁ።

ይህን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ሰው ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ። ከዚያ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰካሁት። ይህን ስታደርጉ ተጠንቀቁ፤ ዊንዶውስ አዲስ ፕሪንተር የተሰካ መስሎት ያችኑ ፕሪንተር "ኮፒ 1" ብሎ ሁለተኛ ጊዜ ሊመዘግባት ይችላል። ከዚያ እናንተ በድሮው ስም ስትልኩ ሥራው የትም ሳይደርስ ተሰልፎ ይቀራል።

አንዱ መምህራችን "ብልሽት ስትፈልግ መሃሉን ቁረጥ" ይል ነበር። ፕሪንተሯ ናት? ገመዱ ነው? ወይስ ኮምፒውተሩ? ዲቫይስ ማናጀርን ከፈትኩ። "ሌዘርጄት 1020" ይላል፤ ጎኑ ላይ ቢጫ ምልክት አለ። ስሟን ካነበበ ገመዱ ደህና ነው፤ እሷም በሕይወት አለች። የጎደለው ድራይቨር ነው። ዊንዶውስም አላፈረም፤ "ከኢንተርኔት ልፈልግ?" አለኝ። ሳቄ መጣ። እትዬ አልሳቀችም።

ሲዲዋስ? ፕሪንተሯ ከነቀምቴ አሮጌ ሆና ስለተገዛች ሲዲ አልነበራትም። ሌላው ፍላሽ ላይ ኡቡንቱ ስለነበረኝ ኮምፒውተሩን በእሱ አስነሣሁት። ፕሪንተሯን ወዲያው አወቃት፤ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ለማሽኗ የሚላከውን ፕሮግራም ከኢንተርኔት አውርድ አለኝ። እሱም ያው ነው! በነፃ የሚሰጠውም፣ በገንዘብ የሚሸጠውም ወደ አንድ በር ይልከኛል። በሩ ደግሞ ተዘግቷል።

ከተማው ውስጥ ካወቅናቸው ሌሎች ሁለት ጽሕፈት ቤቶች አንደኛው ቀለም ጨርሷል፤ የሌላው ባለቤት ልቅሶ ሄዷል። "እንግዲያው በፍላሽ እንስጣቸውና ነቀምቴ ላይ ያሳትሙት" አልኩ። ፋይሉን ገልብጬ ፍላሹን በሽማግሌው መዳፍ ላይ አኖርኩት። ገለባበጡት። ጣታቸው እርፍ ሲጨብጥ የኖረ ነው፤ ፍላሹ መሃሉ ላይ እንደ ባቄላ ፍሬ ጠፋ።

"ያ ኢልማ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ሆይ እንደማለት። "ወረቀቱስ?"

"እዚህ ውስጥ ነው አባባ።"

እትዬን አዩዋት። እሷም አቀርቅራ ገንዘባቸውን ከመሳቢያው አውጥታ ልትመልስላቸው ዘረጋች። አልተቀበሉም። ቁጭ አሉ። ከዚያች ቅጽበት ወዲህ "ኢንጂነሩ" ሲሉኝ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መሸ። እትዬ ሻይ ቀዳችላቸው። ድንገት፣ ስለ ፕሪንተር ሳይሆን ስለ ቤት ዕቃ የምታወራ ይመስል፣ "ለመሆኑ የድሮውን የት ጣልከው?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"የድሮውን ዊንዶውስ። ሲሠራ የነበረውን።"

ልመልስላት አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አልጣልኩትም ነበር። የእሷ ፋይሎች እዚያው ድራይቭ ላይ ስለነበሩ ፎርማት ሳላደርግ ነው አዲሱን በላዩ የጫንኩት። እንዲህ ሲደረግ የድሮው ዊንዶውስ "ዊንዶውስ ዶት ኦልድ" በሚባል ፎልደር ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ቦታ ለማስለቀቅ ብዬ ነገ ላጠፋው የነበረ ፎልደር ነው። ውስጡ ሲስተም 32፣ እሱ ውስጥ ድራይቨር ስቶር የሚባል ክፍል አለ፤ የተጫኑ ድራይቨሮች ቅጂ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ወደ ዲቫይስ ማናጀር ተመልሼ "ከኢንተርኔት" የሚለውን ትቼ "ከኮምፒውተሬ ውስጥ ፈልግ" የሚለውን መረጥኩና ወደዚያ ፎልደር ጠቆምኩት።

አሰበ። ቆየ። ከዚያ ፕሪንተሯ አጉረመረመች። ውስጧ ያለው ጎማ ዞረ፤ አረንጓዴው መብራት በራ።

እትዬ እልል ልትል አፏን ስትከፍት መብራት ሄደ።

ጎረቤት ትንሽ ጀነሬተር ነበር፤ ሆኖም ፊውዘሩ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ብዙ ስለሆነ ለእሱ አይሆንም። ሌዘር ፕሪንተርን ከዩፒኤስ ጋር አታገናኙ የሚባለውም ለዚሁ ነው። ሻማ አብርተን ጠበቅን። ሽማግሌው መደብ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ። መብራቱ የመጣው ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ተነሣ፣ ማሽኗም እንደገና ተማረች፤ ነገር ግን ወረቀት አላነሣ አለች። ይህኛውን እትዬ ታውቀዋለች። የወረቀት ማንሻው ጎማ በአቧራ ለስልሶ ነው። ማሽኗን አጠፋች፣ ካርትሪጁን አወጣች፣ ጎማውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ አደረቀችው። "ይህን ዩኒቨርሲቲ አያስተምሩም?" አለችኝ። አያስተምሩም።

አሥራ ሁለት ገጽ ወጣ። ሽማግሌው ሲነቁ የመጀመሪያውን ገጽ ሰጠኋቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ሙቀቱን በመዳፋቸው ይዘው ትንሽ ቆዩ። ጎህ ሲቀድ በመጀመሪያው መኪና ሄዱ። ይግባኙ ተቀባይነት አግኝቶ ክርክሩ እንደገና መጀመሩን በኋላ ሰማን፤ ለሌላ ማመልከቻ ሲመጡ ራሳቸው ናቸው የነገሩን።

ኢንተርኔት የተለቀቀው መጋቢት 22 ነው። በዚያን ጊዜ ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤት ሁሉ ተዘግቶ ነበር። ድራይቨሩን አወረድኩ፤ በሲዲ ጽፌ ለእትዬ ሰጠኋት። ከንግድ ፈቃዷ ጋር አንድ ላስቲክ ውስጥ አኖረችው። ያን ዕለት ያመለጡኝን ዜናዎች ሳነብ ጋሪ ስታርክዌዘር ማረፉን አየሁ። የሌዘር ፕሪንተርን ሐሳብ ያመነጨው እሱ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ዜሮክስ ውስጥ ሲሠራ አለቆቹ ተወው ቢሉትም አልተወውም፤ በ1971 ወደ ካሊፎርኒያው የምርምር ማዕከል ተዛውሮ እዚያ ሠራው። ያረፈው ታኅሣሥ 16 ቀን 2012 ነበር፣ እኛ ኔት ሊዘጋብን ጥቂት ቀናት ሲቀሩት። ለእትዬ ነገርኳት። "ነፍስ ይማር" አለችና አንድ ሬም ወረቀት ከፈተች።

እሷ አሁንም በዚያችው ማሽን ትሠራለች። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደንበኛው ቢቸኩልም ወዲያው "ፕሪንት" አትነካም። እጇን ክዳኑ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ጎማው ዞሮ አረንጓዴው ሲበራ፣

"በቃ፣ ታወሳት" ትላለች።