ሰርቨሩ ጎንደር ሳለ

ያኔ የድረ ገጻችን ሰርቨር ጎንደር ከተማ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ እጠብቀዋለሁ። መሣሪያዬ ፒንግ ነው፤ ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ በ1983 እ.ኤ.አ. የጻፈው ትንሽ ፕሮግራም። አጭር መልእክት ይልክና መልሱ በስንት ሚሊሰከንድ እንደመጣ ይነግራል። መልስ ሲቀር ግን ለምን እንደቀረ አይናገርም። ማሽኑ ቢቃጠል፣ መስመሩ ቢቆረጥ፣ መብራት ቢጠፋ ለእሱ ያው ዝምታ ነው።

ያንን ዝምታ የሚፈቱልኝ የግቢው ጥበቃ ነበሩ።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? መብራት አለ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ኧረ የለም ልጄ! ከሌሊት ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ ጨለማ ነው። ጀነሬተሩም ናፍጣ ጨርሷል።»

በቃ፣ ታወቀ። ሰውየው ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። ነገር ግን ከማሽኑ አልፈው የሰፈሩን ሁኔታ ይነግሩኝ ስለነበር፣ ኋላ ካየኋቸው መቆጣጠሪያዎች ሁሉ እሳቸውን አስበልጣለሁ።

ኋላ ሰርቨሩ አውሮፓ ወዳለ ዳታ ሴንተር ተዛወረ። አዲሱ የመቆጣጠሪያ ፕሮግራምም እዚያው አውሮፓ ሆኖ በየደቂቃው ይፈትሸው ጀመር። የተገባልን ቃል ሰርቨሩ 99.9 በመቶውን ጊዜ ሳይቋረጥ እንደሚሠራ ነበር፤ በወር ከ43 ደቂቃ ብዙም የማያልፍ መቋረጥ ማለት ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ለምንደነግጠው ለእኛ ትልቅ እፎይታ ነበር።

ሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጣ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም ሳይመለስ ቆየ። የእኔ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ግን በእነዚያ ወራት አረንጓዴ እንደሆነ ነበር። ሪፖርቱ «መቶ በመቶ» ይላል። ሐሰት አልነበረበትም፤ አውሮፓ ያለ ማሽን አውሮፓ ላለ ማሽን በደንብ ይመልስ ነበር። ደባርቅ ያለው መምህርና ዳባት ያለችው ተማሪ፣ ገጹ የተሠራላቸው ሰዎች፣ በዚያ ሪፖርት ውስጥ የትም አልነበሩም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ድሮ ሰርቨሩ ሲወድቅ ቢያንስ የጎንደር ሰው ምን እንደገጠመው አውቅ ነበር።

ድረ ገጽ የምትጠብቁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከውጭ የሚፈትሸውን መቆጣጠሪያ አትንቀሉት። ከጎኑ ግን አንድ ጨምሩ። ለምሳሌ ደባርቅ ባለ ቢሮ ሲም ካርድ የገባበት ርካሽ ስልክ አስቀምጡ፤ ገጹን በየሰዓቱ በሞባይል ዳታ እየሞከረ ይመዝግብ፤ መስመር ሲመለስ መዝገቡን ይላክላችሁ። ለአለቆቻችሁም ያንን መዝገብ ከመቶ በመቶው ሪፖርት ጋር አያይዛችሁ አቅርቡ።